የምርምር አስተዳደር ሥራና የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀን ቀን የሌሎችን ምርምር የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ፕሮፖዛል ያርማሉ፣ በጀት ያሰላሉ፣ ሪፖርት ያስረክባሉ። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ አንድ የቆየ ሥዕል ከፍተው ሠዓሊው ታሪኩን ለምን እንዲህ እንዳነበበው ይመረምራሉ። ዲግሪ ለመያዝ አይደለም፤ ማንም አላዘዛቸውም። ጥያቄው ስለያዛቸው ብቻ ነው። ይህ ገጽ ለእነሱና እነሱን መምሰል ለሚፈልጉ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምርምር አስተዳደር ሲባል ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ተመራማሪው ምርምሩን እንዲሠራ ዙሪያውን የሚያመቻች ሥራ ነው። ገንዘቡ ከመገኘቱ በፊት የድጋፍ ጥሪ መፈለግ፣ ፕሮፖዛሉን ከጥሪው መመዘኛ ጋር ማመሳከር፣ በጀት ማውጣትና ፊርማ ማሰባሰብ አለ። ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ውል፣ የወጪ ክትትል፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ሪፖርትና ኦዲት ይመጣል። ሥራው አይታይም። ሲበላሽ ግን ሁሉም ሰው ያየዋል።

ይህን ሥራ እየሠሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕልን በቁም ነገር ማጥናት በእርግጥ ይቻላል?

ይቻላል። ከዚህ በፊትም ተችሏል። ሞንታግዩ ሮድስ ጄምስ አብዛኛውን ዕድሜውን በኃላፊነት ወንበር ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ከ1893 እስከ 1908 በካምብሪጅ የፊትዝዊሊያም ሙዚየም ዳይሬክተር ነበር። በ1905 የኪንግስ ኮሌጅ የበላይ ኃላፊ ሆነ። ከ1918 እስከ ዕለተ ሞቱ ደግሞ ኢተን ኮሌጅን በበላይነት መራ። በዚህ ሁሉ መሃል የካምብሪጅ ኮሌጆችን የብራና መጻሕፍት እያገላበጠ ካታሎግ አዘጋጀ። የዮሐንስ ራእይ በሥዕል እንዴት እንደቀረበ አጠና። አዋልድ የሆኑ የሐዲስ ኪዳን ጽሑፎችን ተርጉሞ በ1924 አሳተመ። እነዚህን ጽሑፎች ሳያነቡ ብዙ የመካከለኛው ዘመን ሥዕሎችን መረዳት አይቻልም።

አና ጄምሰን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ የነበረች ሴት ናት። በወጣትነቷ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ትተዳደር ነበር። ስለ ክርስቲያናዊ ሥዕል የጻፈችው ትልቅ ሥራ በ1848 መውጣት ጀመረ። በእንግሊዝኛ ለዚህ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዷ ናት።

ሆኖም እውነቱን እንነጋገር። ጄምስ የሚኖረው ብራናዎቹ ባሉበት ግቢ ውስጥ ነበር። ምግቡንም ልብሱንም የሚያሰናዱለት ሰዎች ነበሩ። የዛሬ የምርምር አስተዳዳሪ ይህ የለውም። ስለዚህ የጄምስን ስፋት መመኘት ሰውን ያደክማል። ከእሱ መውሰድ ያለብን ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ገጽ በትዕግሥት ማየትን።

ዲግሪዬ በሌላ ዘርፍ ነው። ከየት ልጀምር?

ከአንድ ምንባብና ከአንድ ሥዕል። በቃ። "ሕዳሴና መጽሐፍ ቅዱስ" የሚል ርዕስ ይዘው ከተነሡ መጨረሻ የለውም። እርስዎ ራስዎ በሥራ ላይ እንዲህ ያለ ፕሮፖዛል ቢመጣልዎ "ጥያቄው የቱ ነው?" ብለው ይመልሱት የለ? ያንኑ ለራስዎም ያድርጉ።

ምንባቡን ቀስ ብለው ያንብቡ። ከዚያ ሥዕሉን ይዩ። ከዚያ ሁለት ነገሮችን ይመዝግቡ። በሥዕሉ ላይ ያለና በጽሑፉ ውስጥ የሌለ ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ ያለና በሥዕሉ ላይ የቀረስ? ጥሩ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ላይ ሲወድቅ ፈረስ አብሮት ይሣላል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ ከ1600 እስከ 1601 ለሮም የሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ ቤተ ክርስቲያን በሣለው ሥዕል ፈረሱ አብዛኛውን ቦታ ይዟል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9ን ይክፈቱ። ፈረስ የለም። በምድር ላይ ወደቀ ይላል እንጂ ከምን ላይ እንደወደቀ አይናገርም። ታዲያ ፈረሱ ከየት መጣ? ሠዓሊዎች በምን ምክንያት አስፈለጋቸው?

የልደቱም ሥዕል እንዲሁ ነው። በሬና አህያ በግርግሙ አጠገብ ይቆማሉ። የሉቃስ ወንጌል ግርግም ይላል፤ እንስሳቱን ግን አይጠቅስም። በ4ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ የሬሳ ሣጥኖች ላይ ግን ቀድመው ተቀርጸዋል። ከጀርባቸው ትንቢተ ኢሳይያስ 1፥3 አለ፤ በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ እንደሚያውቅ የሚናገረው ቃል። የሰብአ ሰገል ቁጥርም በማቴዎስ ወንጌል አልተጻፈም። በሮም የምድር ውስጥ የመቃብር ሥዕሎች ላይ አንድ ቦታ ሁለት፣ ሌላ ቦታ አራት ሆነው ይታያሉ።

አንድ ተጨማሪ፣ በጣም የምወደውን ልጥቀስ። በሶርያ ቋንቋ የተጻፈው የራቡላ ወንጌል የተጠናቀቀው በ586 ነው። አሁን የሚገኘው በፍሎረንስ ነው። በውስጡ ያለው የዕርገት ሥዕል ድንግል ማርያምን መሃል ላይ ያቆማታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ዕርገቱን ሲተርክ ስሟን አይጠራም። ስሟ የሚመጣው ዝቅ ብሎ፣ ሐዋርያት በጸሎት ሲተጉ ነው። ሠዓሊው ሁለቱን ቦታዎች አገናኝቷል ማለት ነው። ሥዕል የጽሑፍ ማስጌጫ ሳይሆን ራሱ የትርጓሜ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

እንዲህ ያለ አንድ ክፍተት ለአንድ ጽሑፍ ይበቃል። ለብዙ ዓመታት ጥናትም ሊበቃ ይችላል።

ሥዕሉን በአካል ማየት የግድ ነው?

ለመጀመር የግድ አይደለም። ጽሑፉን ከመጨረስ በፊት ግን፣ ከተቻለ፣ አዎ። ፎቶ መጠንን፣ ብርሃንንና ቦታን ይደብቃል። የካራቫጆን "የማቴዎስ መጠራት" እንውሰድ። የተሣለው ከ1599 እስከ 1600፣ በሮም ለሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ከቀኝ ይመጣል። በጸሎት ቤቱ ውስጥ ቆሞ የሚያይ ሰው መስኮቱም በዚያው አቅጣጫ፣ ከመሠዊያው በላይ መሆኑን ያያል። በስክሪን ላይ ይህ አይታወቅም። ከተቀመጡት ሰዎች ማቴዎስ የትኛው ነው የሚለውም ክርክር አለ። ጣቱን የቀሰረው ጺማሙ ነው ወይስ አንገቱን ደፍቶ ገንዘብ የሚቆጥረው ወጣት? የት ቆመው እንደሚያዩት በመልሱ ላይ ለውጥ ያመጣል።

ሥራዎ ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ የሚልክዎ ከሆነ አስቀድመው ያስቡበት። የራስዎን ጊዜና ገንዘብ ጨምረው አንድ ቀን መቆየት ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ግን ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። የጉዞ ወጪ ኦዲት ሲደረግ ምን እንደሚመስል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

በአካል ካልተመቸኝ ምስሎችን የት አገኛለሁ?

ዛሬ የሚገኘው ነገር በጣም ብዙ ነው። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጥበብ ኢንዴክስ የተጀመረው በ1917 በካርድ መዝገብነት ነው። ከ2023 ወዲህ ዳታቤዙ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። በርዕሰ ጉዳይ መፈለግ ይቻላል፤ "የይስሐቅ መሥዋዕት" ብለው ሥራዎቹን ጎን ለጎን ማየት ይችላሉ።

አይኮንክላስ የሚባል የሥዕል ርዕሰ ጉዳዮች መለያ ሥርዓትም አለ። በሆላንድ የተጀመረ ነው። ቁጥር 7 የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ 71 ብሉይ ኪዳን፣ 73 ሐዲስ ኪዳን። ብዙ ሙዚየሞች ሥራዎቻቸውን በዚህ ኮድ ስለሚመዘግቡ ኮዱን ማወቅ ፍለጋን ያሳጥራል። ኮድና ሠንጠረዥ ለለመደ የምርምር አስተዳዳሪ ደግሞ ይህ ቤቱ ነው።

የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በ2018 የጀመረው የቅዱሳት መጻሕፍት የሥዕል ሐተታ ድረ ገጽም አለ። ለአንድ ምንባብ ሦስት የሥነ ጥበብ ሥራዎችን ይመርጥና ከምንባቡ ጋር ያነጋግራቸዋል። ጀማሪ ሰው አጭር ሐተታ እንዴት እንደሚጻፍ የሚማርበት ጥሩ ቦታ ነው።

የጥንት ቋንቋ ካላወቅኩስ?

ሳያውቁ መጀመር ይቻላል። ግን የመረጡት ሥዕል የትኛውን ቋንቋ እንደሚጠይቅ ቶሎ ይለዩ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1630ዎቹ አጋማሽ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የተተረከውን የብልጣሶርን ግብዣ ሲሥል በግድግዳው ላይ ያሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት እንደተለመደው ከቀኝ ወደ ግራ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ደርድሯቸዋል። ጠቢባኑ ጽሕፈቱን ማንበብ ያልቻሉት ለዚህ ነው የሚል ማብራሪያ አለ። ማብራሪያው በአምስተርዳም በዚያው ሰፈር ይኖር ከነበረው ከረቢ ምናሴ ቤን እስራኤል ጋር የተያያዘ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ደግሞ ሬምብራንት አሳስቷታል። ይህን ለማየት ሙሉ ዕብራይስጥ አያስፈልግም፤ ፊደሉን መለየት ይበቃል።

ግዕዝ የሚያነብ ሰው ግን ጥቂቶች ያላቸው ቁልፍ በእጁ ነው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተረፉት በግዕዝ ነው። የአባ ገሪማ ወንጌሎች የብራና ዕድሜ በራዲዮካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኝቷል። የወንጌላውያን ሥዕል ካላቸው እጅግ ጥንታዊ የወንጌል መጻሕፍት መካከል ናቸው። ስለ እነሱ የሚጻፈው ገና ብዙ ነው።

ጊዜውን ከየት ላምጣ?

የምርምር አስተዳደር ሥራ ወቅት አለው። የድጋፍ ጥሪ መዝጊያ ሲቃረብ ቢሮው ይጨናነቃል፤ ሌሊትም ጭምር ይሠራል። የሒሳብ ዓመት ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ከዚያ ረገብ የሚልበት ጊዜ ይመጣል። ስህተቱ በየሳምንቱ እኩል ሰዓት ለጥናቱ እመድባለሁ ማለት ነው። በጥሪ ወቅት አይሆንም፤ አልሆን ሲልም ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

የተሻለው የሥራ ዓመቱን ካላንደር ዘርግቶ ጥናቱን በሚረግቡት ወራት ላይ ማስቀመጥ ነው። በተጨናነቀው ጊዜ ደግሞ ጥናቱን ሙሉ በሙሉ አለመተው። ለደከመ አእምሮ የሚስማማ ሥራ ሁልጊዜ አለ። ምስል ማውረድ፣ ፋይል መሰየም፣ የግርጌ ማስታወሻ ማስተካከል፣ አንድ ሥዕል ዝም ብሎ ማየት። ለነቃ አእምሮ የሚቀመጠው መጻፍና አስቸጋሪ ጽሑፍ ማንበብ ነው። በእኔ እምነት መጻፍ ከሥራ በፊት ጠዋት ላይ ቢሆን ይሻላል። ማታ የሚጻፈው ነገር የቀኑን የኢሜይል ቋንቋ ይዞ ይመጣል፤ "ከላይ በተጠቀሰው መሠረት" የሚል ዓረፍተ ነገር ስለ ሬምብራንት ሲጻፍ ያሳዝናል።

ፋይል ሲያቆሙ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይጻፉ፦ "ቀጥሎ የማደርገው ይህን ነው።" ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመለሱ ያቺ መስመር ታድናለች።

ለአለቃዬ ልንገር? የጥቅም ግጭት የሚባለውስ?

ይንገሩ። አጭር፣ ግልጽ፣ በጽሑፍ። ብዙ ተቋማት ከሥራ ውጭ የሚደረግ እንቅስቃሴን የማሳወቂያ ቅጽ አላቸው። ቅጹ ባይኖርም አንድ ኢሜይል ይበቃል፦ ምን እንደሚያጠኑ፣ በራስዎ ጊዜ መሆኑን፣ ገንዘብ የሚያስገኝ ከሆነ ይህንኑ።

ይህ ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ምክንያቱም የምርምር አስተዳዳሪ ሌላ ሰው የማያየውን ያያል። ያልታተመ ሐሳብ፣ የገምጋሚዎች አስተያየት፣ ውድቅ የሆነ ፕሮፖዛል፣ ሁሉም በጠረጴዛው ላይ ያልፋል። በተቋምዎ አንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እርስዎ በሚያጠኑት ሥዕል ላይ ፕሮፖዛል ይዞ ቢመጣስ? ፋይሉን ለሥራ ባልደረባ አሳልፈው ይስጡ። ምክንያቱን ይናገሩ። ያነበቡት ነገር ካለ በጽሑፍዎ ውስጥ በምንም መልክ አይግባ። "እኔም ቀድሜ አስቤው ነበር" የሚል መከላከያ ማንንም አያሳምንም። ስለዚህ የራስዎን ሐሳቦች ቀን እየጻፉ መመዝገብ ከመጀመሪያው ይልመዱ።

እርስዎ በሚያስተዳድሩት የውስጥ ድጋፍ ፈንድ ላይ ራስዎ አያመልክቱ። ደንቡ የማይከለክል ቢሆንም እንኳ። ሌሎች አመልካቾች በእርስዎ ላይ ያላቸው እምነት ከየትኛውም ትንሽ ድጋፍ ይበልጣል።

የቅጥር ውልዎንም አንድ ጊዜ በደንብ ያንብቡት። አንዳንድ ውል ሠራተኛው የፈጠረውን የአእምሮ ንብረት ለተቋሙ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ በሥራው አካል ለተፈጠረው ብቻ ነው፤ ግን አገላለጹ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ካለ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ይጠየቅ። የቢሮ ላፕቶፕ፣ የቢሮ ፕሪንተርና የሥራ ኢሜይል ለጥናቱ ባይውሉ ይመረጣል።

በጽሑፌ ላይ ከስሜ ሥር ምን ልጻፍ?

ጥናቱ በራስዎ ጊዜ ከተሠራ "በግል የሚያጠና" ወይም "ገለልተኛ ተመራማሪ" ብሎ መጻፍ ሐቀኛው መንገድ ነው። የተቋሙን ስም መጠቀም የሚፈቀደው ተቋሙ ሲስማማ ነው። ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ያውጡ፤ ነፃ ነው፣ ሥራ ቢቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል።

በነገራችን ላይ አንድ መልካም ለውጥ አለ። ብዙ ጆርናሎች የሚጠቀሙበት ክሬዲት የተባለ የአስተዋጽኦ ዝርዝር 14 ሚናዎች አሉት። የፕሮጀክት አስተዳደርና የገንዘብ ድጋፍ ማስገኘት ከእነሱ መካከል ናቸው። ቀን ቀን የሚሠሩት ሥራም ስም አለው ማለት ነው። ያም ሆኖ በመደበኛ ሥራ ምክንያት የተጠቀሱበትንና በግል የጻፉትን በሲቪዎ ላይ ለይተው ያስቀምጡ። የተቀላቀለ ዝርዝር ሁለቱንም ያደበዝዛል።

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሌለኝ ጽሑፎችን እንዴት ላንብብ?

የሚሠሩት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆነ የሠራተኛ ካርድዎ ይበቃል። ካልሆነ ጄስቶር በተባለው የምሁራን ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ በግል አካውንት በ30 ቀን እስከ 100 ጽሑፎች በነፃ ማንበብ ይቻላል። የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ለቀድሞ ተማሪዎች መዳረሻ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። የማይገኝ ጽሑፍ ካለ ለጸሐፊው በትሕትና መጻፍ ነው። ምሁራን ሥራቸው ሲነበብ ደስ ይላቸዋል።

የምስል ፈቃድ እንዴት ነው? ክፍያውስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ ሁለት መብቶችን ስለሚያቀላቅል። አንዱ የሥዕሉ መብት ነው። በብዙ አገሮች የቅጂ መብት የሚቆየው ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው። ካራቫጆና ሬምብራንት ነፃ ናቸው። ማርክ ሻጋል ግን የሞተው በ1985 ነው። በዚህ ስሌት የእሱ የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች እስከ 2055 መጨረሻ ድረስ የተጠበቁ ናቸው።

ሌላው የፎቶው መብት ነው። ሥዕሉ ነፃ ቢሆንም ያነሣው ሙዚየም ለፎቶው ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ላይ ሕጉ ወደ ነፃነቱ እያዘነበለ ነው። በ1999 አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ነፃ የሆነን ሥዕል እንዳለ የሚገለብጥ ፎቶ የራሱ የቅጂ መብት እንደሌለው ፈርዷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ተመሳሳይ መርሕ አስቀምጧል። ሆኖም ሙዚየሙ በድረ ገጹ የአጠቃቀም ውል ወይም ፎቶ ማንሣትን በመከልከል በኩል ገደብ ሊያደርግ ይችላል።

ቀላሉ መንገድ በሩን ከከፈቱ ሙዚየሞች መጀመር ነው። ጌቲ ሙዚየም በ2013፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ነፃ የሆኑ ሥራዎቻቸውን ምስሎች ለማንኛውም አገልግሎት ለቀዋል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምም እንዲሁ። የጥናት ርዕስ ሲመርጡ ይህን ከግምት ማስገባት አያሳፍርም። በሚከፈልባቸው ምስሎች የተሞላ ጽሑፍ ያለ ድጋፍ ለሚሠራ ሰው ከባድ ነው።

ለእያንዳንዱ ምስል በኤክሴል አንድ መስመር ይክፈቱ። የሥራው ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ብራና ከሆነ ቅጠሉና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑ፣ የምስሉ ሊንክ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የወረደበት ቀን። ፈቃዱ የየትኛውን ኅትመት እንደሚሸፍን፣ ስንት ቅጂ እንደሚፈቅድና ኢንተርኔት ላይ እንደሚያካትትም ይጻፉ። አሳታሚ ይህን ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ሲያገኝ አያምንም። ለእርስዎ ግን የዘወትር ሥራ ነው።

የገንዘብ ድጋፍ ማግኘት እችላለሁ?

ትልልቆቹ ከባድ ናቸው። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤትን ጨምሮ ብዙዎቹ አመልካቹን የሚቀበል ተቋም ይጠይቃሉ። የሚሻለው የምሁራን ማኅበራትና ቤተ መጻሕፍት የሚሰጡት አነስተኛ የጉዞና የምስል ክፍያ ድጋፍ ነው።

የት ላቅርብ? የት ላሳትም?

በመጀመሪያ ያቅርቡ። በ1880 የተመሠረተው የመጽሐፍ ቅዱስ ሥነ ጽሑፍ ማኅበር በዓመታዊ ጉባኤው ላይ ስለ መጽሐፍ ቅዱስና ሥዕል የሚወያይ ክፍል አለው። የመካከለኛው ዘመንን ለሚያጠኑ በእንግሊዝ ሊድስና በአሜሪካ ካላማዙ የሚደረጉት ዓመታዊ ጉባኤዎች አሉ። በሁለቱም ላይ በግላቸው የሚያጠኑ ሰዎች ጽሑፍ ማቅረባቸው የተለመደ ነው። ከ1989 ጀምሮ በአሜሪካ የገለልተኛ ምሁራን ብሔራዊ ኅብረት አለ፤ ብቸኝነቱን ያቀላል።

ጆርናል ሲመርጡ ማንነትዎ ተሸፍኖ የሚገመገምበትን ይምረጡ። በዚያ ገምጋሚው ጽሑፉን እንጂ የሥራ መደብዎን አያይም። ክፍት ተደራሽነት የሚል፣ ማለትም ጽሑፎቹን ማንም በነፃ የሚያነባቸው ጆርናል ከጸሐፊው ክፍያ ከጠየቀ ደግሞ ቆም ብለው ያጣሩ። አንዳንዱ ሕጋዊ ነው፤ አንዳንዱ ገንዘብ ብቻ የሚሰበስብ ነው። የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ መኖሩን ማየት ጥሩ መነሻ ነው። በሥራ ላይ ለተመራማሪዎች የሚሰጡትን ምክር ለራስዎም ይስጡ።

አማኝ መሆን ይጠበቅብኛል?

አይጠበቅም። አማኝ መሆንም እንቅፋት አይደለም። ሥዕሉ የተሠራው ለአምልኮ ከሆነ ያንን አገልግሎት በአክብሮት መረዳት ያስፈልጋል። ይህ ከሁለቱም ወገን ይጠየቃል። በ1932 የተገኘውና በ3ኛው መቶ ዘመን የተሣለው፣ በሶርያ ባለችው የጥንት ከተማ በዱራ ኤውሮፖስ የሚገኘው የምኩራብ ግድግዳ የአይሁድ ነው። በዚያችው ከተማ የክርስቲያኖች የጸሎት ቤትም ሥዕል ነበረው። ሁለቱን ማጥናት የሚሻ ሰው ከራሱ ቤት ወጣ ማለቱ አይቀርም።

ሥራው ለጥናቱ ምን ይጨምራል? ጥናቱስ ለሥራው?

ከላይ እዚህም እዚያም ጠቅሼዋለሁ፤ ግን ለብቻው መባል አለበት። የምርምር አስተዳዳሪ ጥሩ ጥያቄና ደካማ ጥያቄን የመለየት ልምድ አለው። ብዙ ፕሮፖዛል አንብቧል። ለምን እንደወደቁ አይቷል። ጠቅላላ ቃላት ሐሳብን ሲሸፍኑ ያውቃል። ይህ ለማንኛውም አጥኚ ትልቅ ሀብት ነው።

በሌላ በኩል ራሱ የሚያጠና አስተዳዳሪ ተመራማሪውን በተለየ ዓይን ያያል። አንዲት የብራና ቅጠል ለማየት ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሪፖርቱ ላይ "እስካሁን ውጤት የለም" የሚል ዓረፍተ ነገር ስንፍና እንዳልሆነ ይገባዋል። የሥነ ሰብእ ምሁር የበጀት ሠንጠረዥ ፊት ሲደናገጥ ተቀምጦ ያግዘዋል፤ የምስል ፈቃድ ክፍያ የሚባል መስመር በጀቱ ውስጥ እንዲገባም ያስታውሰዋል። ይህ መስመር በብዙ ፕሮፖዛሎች ላይ ይረሳል።

ረቂቄን ማን ያንብብልኝ?

ሁለት ዓይነት አንባቢ ይፈልጉ። አንዱ ምንባቡን የሚያውቅ፣ ሌላው ሥዕሉን የሚያውቅ። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ቢገኝ እሰየው፤ ግን ጥቂት ናቸው። የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁሩ ስለ ቀለምና ስለ አሠራር ያመለጠዎትን ስህተት አይይዘውም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩም ከየትኛው ትርጉም እንደጠቀሱ ላይጠይቅ ይችላል።

ረቂቁን ሲልኩ ምስሎቹን አብረው ይላኩ፤ ሊንክ ብቻ አይበቃም። ምን እንዲያዩልዎ እንደሚፈልጉም በሁለት መስመር ይንገሯቸው። ተቋም ያለው ምሁር ይህን ከሥራ ባልደረቦቹ በቀላሉ ያገኛል። በግሉ የሚያጠና ሰው ግን ራሱ መገንባት አለበት። ስለዚህ ከጉባኤ ሲመለሱ ጥሩ ጥያቄ ለጠየቀዎት ሰው በዚያው ሳምንት ይጻፉለት፤ የእሱንም ረቂቅ ለማንበብ ፈቃደኛ መሆንዎን ይንገሩት።